በዝርዝሩ ላይ ያልነበሩት ሰብሳቢ

ውድ ጋሽ ካሱ፦

ከተቀበሩ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀንዎ ነው። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ለራስ እንደ መናገር መሆኑን አውቃለሁ። እርስዎም ቢሰሙ «ልጄ፣ ወረቀቱን ለሌላ ነገር አስቀምጪው» ይሉኝ ነበር። ነገር ግን በሕይወት ሳሉ ልነግርዎት የሚገባኝን አንድ ነገር ስድስት ወር ሙሉ አዘገየሁ፤ ልነሣ ስል እርስዎ ቀደሙኝ። ጽፌ ስጨርስ በደረጃችን መግቢያ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። የበደልሁዎት በጎረቤት ፊት ነውና ይቅርታውንም በጎረቤት ፊት ልጠይቅ።

ዕጣ ደርሶኝ ከእናቴ ጋር አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ወዳለው ኮንዶሚኒየም ስንገባ እርስዎ የማኅበሩ ሰብሳቢ ነበሩ። ሠላሳ ሁለት አባወራ የሚኖርበት ሕንፃ በእርስዎ እጅ ነበር ማለት ይቻላል። ከውሃ ሥራ ጡረታ ወጥተው ስለ ነበር የፓምፑን ጠባይ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ታንከሩ ሲሞላ ያጠፉታል፤ የከተማው ውሃ ሲቋረጥ እንዳይቃጠል ያጠፉታል። «ውሃው መጣች!» ብለው ከምድር ቤት ሲጣሩ ሴቶቹ በየወለሉ ጀሪካን ያንኳኳሉ። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ቆሜ «ጋሼ፣ ‹መጣ› ነው የሚባለው» ብዬ አረምሁዎት። ቀና ብለው አዩኝና «አንቺ እንዳልሽ ይሁን። ለእኔ ብቻ ትምጣልኝ» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ያረምሁት በጋሞኛ አፉን የፈታ፣ በአማርኛ ግን ለእኛ ሲል የሚደክም ሰው መሆኑን አላሰብሁም።

ስብሰባ ሲኖር ማስታወቂያ አይለጥፉም ነበር። በከዘራዎ የደረጃውን ብረት እየመቱ ከታች እስከ ላይ ይወጣሉ፤ ያን የሰማ ሁሉ በርጩማውን ይዞ ግቢው ውስጥ ወዳለው ማንጎ ዛፍ ሥር ይወርዳል። አስቀድመው ይመርቃሉ። ከዚያ ስለ ምንም ነገር ከመነጋገራችን በፊት «ቂም የያዘ አለ? ካለ አሁን ይናገር። ተቀያይመን ስለ ውሃ አናወራም» ይላሉ። በትውልድ አገርዎ በካምባ፣ በአባቶችዎ ዱቡሻ፣ አገሬው ተቀምጦ በሚመክርበት ሜዳ፣ ነገር የሚጀመረው እንዲህ መሆኑን ነግረውኛል።

«እኔ አለኝ!» ይላሉ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ወርቄ፣ ገና ሳይቀመጡ። «ከላይ ያለችው ልብሷን ታሰጣና ውሃው በርበሬዬ ላይ ይንጠባጠባል።»

«በርበሬውን መተላለፊያ ላይ ማን አስጡ አለዎት?»

«መተላለፊያው ያንቺ ነው? በካርታሽ ላይ አለ?»

እርስዎ ሁለቱም እስኪደክማቸው ዝም ይላሉ። ከዚያ በርበሬው የት እንደሚሰጣ፣ ልብሱ የት እንደሚንጠለጠል ይወሰናል። እጅ የሚያወጣ የለም፤ ድምፅ የሚቆጥር የለም። ሁሉም ተናግሮ እስኪበቃው ይቀመጣል። ባለቤት ይሁን ተከራይ አይጠየቅም ነበር። «እዚህ የሚያድር ሁሉ ይናገር» ነበር የሚሉት።

እኔ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ እያንዳንዱን መጽሐፍ ቁጥር ሰጥቼ በመደቡ የማኖር ሰው ነኝ። የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኜ በተመረጥሁ ጊዜ የጋራ ሕንፃ አዋጁንና የመተዳደሪያ ደንባችንን ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብሁ። ለስብሰባ አጀንዳ አወጣሁ፤ ቃለ ጉባኤ መያዝ ጀመርሁ። «ቂም የያዘ አለ?» የሚለውን ጥያቄዎን ከአጀንዳ ውጭ ነው ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። አልተቃወሙኝም። አንድ ጊዜ ብቻ «ታዲያ ቂሙ የት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁኝ። «ቀጣይ አጀንዳ» አልሁ።

አሁን ወደዚያ እሑድ ልምጣ።

ከሕንፃው ጀርባ ያለው የፍሳሽ መስመር ተደርምሶ ግቢው መሽተት ጀምሮ ነበር። ጉዳዩን ይዤ የሄድሁበት ቢሮ ማኅበሩ በሕግ ታድሶ ሕጋዊ ቃለ ጉባኤ ካላመጣን መስመሩን እንደማያይልን ነገረኝ። ለማደስ የባለቤቶች ስም ዝርዝር ያስፈልጋል፤ ከሠላሳ ሁለቱ ደግሞ ቢያንስ ዐሥራ ሰባቱ መገኘት አለባቸው። ዝርዝሩን ዓርብ ዕለት አወጣሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ማንጎው ሥር ቆሜ አነበብሁት።

ከማንበቤ በፊት «ተከራዮች መቆየት ይችላሉ፤ ነገር ግን ድምፅ የላቸውም» አልሁ።

መጀመሪያ የተነሣችው ፀደይ ናት፤ ከጎጃም ተመድባ የመጣችው ነርስ፣ ከእኛ ቤት ትይዩ የተከራየችው። «እናትሽን በወንበር ተሸክመን ስናወርድ ድምፅ ያስፈልግ ነበር?» አለችኝ። እናቴ በታመመችበት ቀን ከራስጌዋ እርስዎ፣ ከግርጌዋ ሁለት ተከራይ መምህራን፣ እጇን ይዛ ደግሞ ፀደይ ነበረች። ይህን ረስቼው አልነበረም። ነገር ግን ሁለቱ ነገሮች የማይገናኙ መሰለኝና «ፀደይ፣ ይህ የግል ጉዳይ አይደለም፤ ሕግ ነው» ብዬ መለስሁላት። በርጩማዋን አንሥታ ሄደች፤ መምህራኑም ተከተሏት።

ስሞቹን ጠራሁ። ሠላሳ ሁለቱን። ከተጠሩት ውስጥ እዚያው የነበሩት ዐሥራ አንድ ነበሩ። የእርስዎ ስም አልተጠራም።

እትዬ ወርቄ «ጋሽ ካሱን ዘለልሻቸው» አሉ።

«አልዘለልሁም። ቤቱ በልጃቸው በአርሴማ ስም ነው።»

እርስዎ ወደ ዝርዝሩ አላዩም፤ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ማኅተሙንና የፓምፑን ቁልፍ ከኪስዎ አውጥተው በርጩማዎ ላይ አኖሩ። «ትክክል ነው። ልጄ ናት የገዛችው። እኔ እዚህ የማድር ሰው ነኝ» አሉ። ድምፅዎ አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

ጋሽ ካሱ፣ በሕይወት ሳሉ ለማንም ያልተናገርሁት ይህ ነው። ስምዎ በዝርዝሩ ላይ እንደሌለ ያወቅሁት ዓርብ ነበር። ሁለት ቀን ነበረኝ። ምድር ቤት ወርጄ በርዎን አንኳኩቼ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቻለሁ፤ ምን እናድርግ?» ማለት እችል ነበር። ከልጅዎ ውክልና ቢመጣ ነገሩ ያልቅ እንደ ነበርም አውቅ ነበር፤ አንቀጹን በእርሳስ አስምሬበታለሁ። አልወረድሁም። አስቀድሜ ለእርስዎ ብነግር ማዳላት ይሆናል፣ ሕግ በሁሉም ላይ እኩል ይውደቅ ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ዛሬ ሳስበው ግን ሌላም ነገር ነበረበት። በሁሉም ሰው ፊት ትክክል መሆን ፈልጌ ነበር። ያን ቀን ትክክል ነበርሁ፤ የተጻፈውን ቃል በቃል ፈጽሜአለሁ።

በሁለተኛው ወር ወደ ካምባ መሄድዎን የሰማሁት ከባጃጅ ሾፌር ነው። «ሽማግሌው አልጋቸውን ጭነው ሄዱ እኮ፤ አልሰማሽም?» አለኝ። አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርሁ ከመንገድ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ማኅበር የሚባል ነገር አልነበረም። ሦስት ጊዜ ጥሪ ለጠፍሁ፤ በመጀመሪያው ዘጠኝ፣ በሁለተኛው አራት ሰው መጣ። በሦስተኛው እኔና እትዬ ወርቄ ብቻ ተፋጥጠን ተቀመጥን።

«እንግዲህ ቁጠሪን» አሉኝ።

«እትዬ፣ አያሹፉ።»

«አላሾፍሁም። አንድ፣ ሁለት። አለቀ። አጀንዳሽን ጀምሪ።»

ቢሮው ማኅበሩን አድሳችሁ ኑ ይላል፤ ለማደስ ዐሥራ ሰባት ባለቤት ያስፈልጋል፤ ከባለቤቶቹ ሃያ አንዱ ቤታቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተው በሐዋሳ፣ በሶዶ፣ በአዲስ አበባ ይኖራሉ። ለእያንዳንዳቸው ውክልና እንዲልኩ ሦስት ሦስት ደብዳቤ ጻፍሁ። ሁለቱ መለሱ። ለልጅዎ ለአርሴማም ጽፌ ነበር፤ በማኅተም የታተመ፣ አንቀጽ የተጠቀሰበት፣ ስለ አባቷ አንድ ቃል የሌለበት ደብዳቤ። አልመለሰችልኝም።

ፓምፑ የተቃጠለው በግንቦት ነው። የከተማው ውሃ ተቋርጦ ሳለ በባዶው ሲሠራ ዋለ። ድምፁን ሁላችንም ሰምተናል። እኔ በረንዳ ላይ እያነበብሁ ነበር፤ ቁልፉ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ማን እንዲያጠፋው እንደተመደበ ግን በየትኛውም ቃለ ጉባኤ አልተጻፈም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕንፃው ውሃውን በትከሻው ማውጣት ጀመረ። እትዬ ወርቄ በታችኛው ከተማ በሲቀላ ገበያ ውለው ሲመጡ በየወለሉ እያረፉ ጀሪካናቸውን ያወጡ ነበር። በእኔ በር ላይ ሲያርፉ ትንፋሻቸውን እሰማለሁ። ልረዳቸው ስወጣ «ተይው፤ ካርታ አለኝ፤ እችላለሁ» ይሉኛል። ፀደይ በሰኔ ሲቀላ ቤት ተከራይታ ለቀቀች። አልተሰናበተችኝም።

ያን ጊዜ ወደ ካምባ መምጣት ነበረብኝ። ብዙ ጠዋት ተነሥቼ፣ ልብሴን ለብሼ፣ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ምክንያቴን ልንገርዎት፦ ባዶ እጄን መምጣት አፈርሁ። ማኅበሩን አስተካክዬ፣ ዐሥራ ሰባቱን አሟልቼ፣ «ጋሼ፣ ውክልናውም መጥቷል፤ ወደ ቦታዎ ይመለሱ» ብዬ ልወስድዎት ነበር። ይቅርታዬም እንደ ስብሰባዬ ሁሉም እስኪሟላ ጠበቀ። ይህን ስህተት ሌላ ሰው ሠርቶት ቢሆን ኖሮ በቀላሉ አየው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሞትዎን ሰማን። ማን ለማን እንደ ነገረ አላውቅም። ማስታወቂያ አልተለጠፈም፤ ጥሪ አልተጻፈም። በማግሥቱ ጠዋት ግን አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ በር ላይ ቆሞ ነበር። በገረሴ ከተማ አድርገን ወደ ደጋው ወጣን። ካምባ ብርድ ነበር፤ እኛ የአርባ ምንጭ ሰዎች ለብርድ የሚሆን ልብስ አልያዝንም፤ የማናውቃቸው ዘመዶችዎ ጋቢ አለበሱን። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሜ ዞር ብዬ ሳይ ሦስት ደብዳቤ ጽፌላቸው ያልመለሱ ባለቤቶች ከሶዶና ከሐዋሳ መጥተው ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። ፀደይም ነበረች።

ሳላስበው ቆጠርሁ። ጋሽ ካሱ፣ ሣጥንዎ ወደ መሬት ሲወርድ እኔ እቆጥር ነበር። አርሴማን ሳልጨምር ዐሥራ ዘጠኝ ባለቤት ነበር። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ከቀብሩ በኋላ አርሴማን አገኘኋት። ከታላቅ ወንድምዎ ከጋሽ ጉታ ጋር ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ተንበረከክሁ። የዓርቡን ነገርኋት፤ ሁለቱን ቀናት፤ ያሰመርሁበትን አንቀጽ፤ ሁሉንም። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ደብዳቤሽ ደርሶኝ ነበር» አለች። «ለአባቴ አነበብሁለት። ‹ጥሩ ትጽፋለች› አለ። ሌላ ምንም አላለም።»

«አርሴማ፣ እባክሽ ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ልልሽ አልችልም። የበደልሽው እሱን ነው፤ እኔ ደግሞ ከእሱ ውክልና የለኝም።»

ጋሽ ጉታ በጋሞኛ የሆነ ነገር አሏት፤ ፊቷን አዞረች። ለእኔ በአማርኛ «ዛሬ ለቅሶ ነው፤ ነገር አይታይም» አሉኝ። «በአርባው ነይ። ሽማግሌ ይቀመጣል። እሷም ትኖራለች። ይቅር ትበልሽ አትበልሽ እኔ አላውቅም። አንቺ ግን ነይ።»

በመልስ ጉዞ አውቶቡሱ ገረሴን ሲያልፍ እትዬ ወርቄ ከኋላ ወንበር ተነሥተው ቆሙ።

«ሁላችንም እዚህ ነን» አሉ። «ሴቻ እስክንደርስ ማንም መውረድ አይችልም። እንነጋገር።»

«ሾፌሩም ድምፅ አለው?» አለ ከመምህራኑ አንዱ።

«ዛሬ እኛ ጋ ካደረ ይኖረዋል!» አሉት። ሰው እያለቀሰ ሳቀ። ሾፌሩ ሳይዞር «ቤት ካላችሁ አድራለሁ» አለ።

ከዚያ እትዬ ወርቄ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቂም የያዘ አለ?» ብለው ጠየቁ። እንደ እርስዎ ሊሉት ሞክረው ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን ድምፃቸው ተሰበረ።

ፀደይ እጇን ሳታወጣ ተናገረች። «እኔ አለኝ። አሁን እዚያ ሕንፃ አላድርም፤ ግን ልናገር። በማህደር ላይ ቂም አለኝ። እናቷን እንደ እናቴ ነው የያዝኳት። ‹የግል ጉዳይ አይደለም› አለችኝ።»

ተነሥቼ በመቀመጫዎቹ መካከል ቆምሁ። አውቶቡሱ በጠመዝማዛው መንገድ ሲወርድ ብረቱን ይዤ የዓርቡን ታሪክ ለሁለተኛ ጊዜ ተናገርሁ። ስጨርስ ፀደይ መስኮቱን እያየች «እሺ» አለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። «እሺ፤ ሰምቻለሁ» ነው ያለችው። እስካሁን የሰጠችኝ ይህ ነው፤ ይዤዋለሁ።

ከዚያ ስለ ሕንፃው ተነጋገርን። ሁሉም ተናገረ፤ ከሐዋሳና ከሶዶ መጥተው አብረውን የተሳፈሩት ባለቤቶችም ተናገሩ። የደረስንበትን እንዲህ ጻፍሁት፦ ሕጉ ለባለቤት ብቻ የሚተወው ጉዳይ አለ፤ ሕንፃውን መለወጥ፣ የጋራውን መሬት ለሌላ ነገር ማዋል፤ እሱ ለባለቤቶቹ ይቆይ። ውሃው፣ ደረጃው፣ ፍሳሹ፣ ግቢው ግን እዚያ የሚያድር ሁሉ የሚመክርበት ነው፤ ባለቤቶችም ይህን በፊርማቸው ያጸናሉ። ደንቡን ከፍቼ አየሁት፤ የሚከለክል ቃል የለበትም። ቀድሞም አልነበረበትም። ተከራይን ከምክር አስወጡ የሚል አንቀጽ የለም፤ ድምፅ አይቆጠርላቸውም ነው የሚለው። እርስዎ ደግሞ ድምፅ ቆጥረው አያውቁም ነበር።

ዐሥራ ዘጠኙም ሴቻ ሳንደርስ ፈረሙ። ቢሮው ማኅበሩን አደሰልን። የፍሳሹ መስመር በዚህ ሳምንት ተቆፍሯል። ፓምፑን አስጠግነናል፤ ከመምህራኑ አንዱ እየተማረው ነው፤ እርስዎ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የጻፉትን የሰዓት ምልክት እያየ። ሰብሳቢ እንድሆን ጠይቀውኝ እምቢ አልሁ፤ እትዬ ወርቄን መረጥን። ጸሐፊነቱን አልተውሁም፤ የማውቀው ሥራ ይኸው ነውና። በመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ላይ ግን አንድ ነገር እንዲሰፍር ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፦ የቀድሞው ሰብሳቢ አቶ ካሱ በጸሐፊዋ ጥፋት ከቦታቸው እንደተነሡ፣ ጸሐፊዋም እስከ ዛሬ ይቅርታ እንዳላገኘች። እትዬ ወርቄ «ይህ እንኳ ይቅር፤ ልጅ ነሽ» ብለውኝ ነበር። ይጻፍ አልሁ።

ሁሉም ነገር በመስተካከሉ ደስ ሊለኝ ይገባል። የተስተካከለው ግን እርስዎ በመሞትዎ ነው፤ በእኔ ደብዳቤ አንድም ሰው አልመጣም። ምድር ቤት ያለው በርዎ ተዘግቷል። አርሴማ ቤቱን ትሽጠው ወይም ታቆየው ገና አልወሰነችም። በዚያ በኩል ሳልፍ እግሬ ይከብደኛል፤ ዓርብ ቀን ላንኳኳው ይገባኝ የነበረው በር ነውና።

አርባዎ ሊደርስ ዐሥራ ሰባት ቀን ቀርቶታል። እመጣለሁ። በዚህ ጊዜ የሚሟላ ነገር አልጠብቅም፤ የምይዘው ወረቀትም የለም። በሽማግሌዎቹ ፊት ለሦስተኛ ጊዜ እናገራለሁ። አርሴማ ይቅር ካለችኝ እሰግዳለሁ። ካላለችኝም ሰምቻት፣ ተቀምጬ አብሬያት አለቅሳለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ለሙት ዓመትዎም እመለሳለሁ። ጋሼ፣ ነፍስዎን ይማር።

ከሁለተኛ ፎቅ ጎረቤትዎ፣
ማህደር